የእንሽርት ውሃ ማነስ እና የጽንሱ ሽንት

እንሽርት ውሃ ከእናቲቱ ሰውነት ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ግን አብዛኛው የጽንሱ ሽንት ነው። ጽንሱ ይሸናል፣ መልሶ ይውጠዋል፣ ደግሞ ይሸናል። ስለዚህ ውሃው አነሰ ሲባል የልጁን ኩላሊትና ፊኛ ማየት የግድ ነው።

መለኪያው አልትራሳውንድ ነው። ማህፀኑ በአራት ይከፈልና የየቦታው የውሃ ጥልቀት ይደመራል። ድምሩ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወይም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 2 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ ውሃው አንሷል ይባላል።

ሁሌ ከሽንት ጋር አይያያዝም። ውሃው ቀድሞ ፈስሶ፣ የእንግዴ ልጁ ደክሞ ወይም የመውለጃ ቀን አልፎ ሊሆን ይችላል። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችም ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጽንሱን ሽንት ይቀንሳሉ። ፋርማሲ ስትገቡ እርጉዝ መሆናችሁን ተናገሩ።

ከሁሉም የሚከብደው ሁለቱም ኩላሊቶች ሳይፈጠሩ ሲቀሩ ነው። ሳንባ በደንብ የሚያድገው ውሃ ሲኖር ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያሉ ሕፃናት ሲወለዱ መተንፈስ ያቅታቸዋል። አሜሪካዊቷ ሐኪም ኢዲት ፖተር ይህን በ1946 እ.ኤ.አ. በዝርዝር ጽፋለች።

ወንድ ጽንሶች ላይ ብቻ የሚታይ ሌላ ችግር አለ። ሽንት ቧንቧው ውስጥ ትርፍ ስስ ሽፋን ይበቅልና መውጫውን ይዘጋል። ፊኛው ይወጠራል፣ ግፊቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊትን ይጎዳል። በ1981 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በማይክል ሃሪሰን የተመራ ቡድን ለተዘጋ የሽንት መንገድ ማህፀን ከፍቶ ጽንሱን ቀዶ ሕክምና አደረገለት። ዛሬ በአንዳንድ ማዕከላት ቀጭን ቱቦ ከፊኛው ወደ እንሽርት ውሃው ይገባል። ይህ ሳንባን ሊያተርፍ ይችላል፤ አስቀድሞ የተጎዳን ኩላሊት ግን አይመልስም። ልጁ ሲወለድ ሽንቱ ፊኛው ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ይወጣል፣ ቀጥሎ ሽፋኑ በመሣሪያ ይቆረጣል። የኩላሊት ክትትሉ ለዓመታት ይቀጥላል።

እናቶችን «ውሃ ስለማትጠጪ ነው» እያሉ መውቀስ ያሳዝነኛል። መጠጣት አንዳንዴ መጠኑን ከፍ ያደርጋል፣ የተዘጋ ቧንቧ ግን አይከፍትም። ፊኛው ተወጥሯል ከተባለ የሚጠቅመው የአልትራሳውንድ ውጤቱን ይዞ፣ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ለመውለድ አስቀድሞ መነጋገር ነው።