ካልጣለኝ ዓመታት አለፉ፤ ክኒኑን ልተወው?

ጎንደር ውስጥ የሚጥል በሽታ ይዞት «ከጣለኝ ቆየ፤ ክኒኑን ተውኩት» የሚል ሰው ማግኘት አይከብድም። ደስታው ይገባኛል። የሚያሰጋኝ ብቻውን መወሰኑ ነው።

«ካልጣለኝ ድኛለሁ ማለት ነው»

ላይሆን ይችላል። በሽታው ለቆ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ አፍኖ ይዞትም ሊሆን ይችላል። ላይ ላዩን ሁለቱ አይለዩም። ስለዚህ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ሳይጥል ቢያንስ 2 ዓመት እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ያም ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት ቢያንስ 2 ዓመት ያልጣላቸውን 1,013 ሰዎች ተከታትሏል። ከ2 ዓመት በኋላ መድኃኒቱን ከቀጠሉት 78 በመቶው፣ እንዲያቆሙ ከተደረጉት ደግሞ 59 በመቶው አልጣላቸውም። ካቆሙት ከግማሽ በላይ ደህና ነበሩ። ከቀጠሉትም የተመለሰባቸው አሉ።

«እንግዲያው የዕድሜ ልክ ነው»

ለሁሉም አይደለም። አንዳንድ ልጆችን ሲያድጉ ይተዋቸዋል። በጉርምስና ጀምሮ ጠዋት ሲነቁ እጅን ብድግ የሚያደርገው ዓይነት ግን መድኃኒቱ ሲቆም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። አንጎል ላይ ጠባሳ ካለ፣ የአንጎል ሞገድ ምርመራው (ኢኢጂ) ካልተስተካከለ፣ ወይም በሽታው የተያዘው በብዙ መድኃኒት ከሆነ ስጋቱ ይጨምራል።

«ማቆም ከተወሰነ ዛሬውኑ ይተዋል»

በፍጹም! በተለይ ፌኖባርቢታል የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ሲቆም የማያባራ፣ ሕይወት የሚቀጥፍ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ሐኪሙ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይቀንሰዋል። ለጾም ብሎ መዝለልም ያው ነው። ፌኖባርቢታል ብዙ ጊዜ ማታ ስለሚዋጥ ከጾሙ ሰዓት ጋር አይጋጭም። የእናንተ የጠዋት ከሆነ ሐኪማችሁን ስለ ሰዓቱ ጠይቁ።

«ጠበል የጀመረ ክኒን ይተዋል»

የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ልጆች ነን፤ ጠበል አትሂዱ የሚል የለም። ግን ጠበልና ክኒን አይጣሉም። እየተጠመቁ ክኒኑን መዋጥ ይቻላል። ለንስሐ አባታችሁም ንገሯቸው። ብዙ ሰው የሚሰማው እሳቸውን ነው። ስትጠመቁ አጠገባችሁ ሰው ይኑር።

«ካቆምኩ በኋላ እንደማንኛውም ሰው ነኝ»

የሚመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ነው። መድኃኒቱ ሲቀነስና በቀጣዮቹ ወራት ባጃጅ አትንዱ። ምድጃ ዳር ብቻችሁን አትሁኑ። ለጥምቀት ፋሲለደስ ገንዳ ዘላችሁ አትግቡ። ቤተሰብም ይወቅ፦ ቢጥል ክብሪት አታሽትቱት፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። በጎኑ አስተኙት። 5 ደቂቃ ካለፈው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።