«ባሕሉ ስንት ሰዓት ላይ ይጀምራል?»

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ እንግዳ ኮረሚ ላይ ቆሞ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ኮረሚ ከሐረር ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ገደል አፋፍ ላይ ሆና የኤረርን ሸለቆ ቁልቁል የምታይ የአርጎባዎች መንደር ናት። አስጎብኚ ከሆንኩ ጀምሮ ይህን ጥያቄ በየዓይነቱ ሰምቼዋለሁ፤ «ለብሰው አይወጡም?»፣ «ጭፈራው የት ነው?»። አቦ፣ ሰለቸኝ! ስለ ሐረርጌ ተራሮች የምሰማውን የተሳሳተ ወሬ ሁሉ እዚሁ ልዘርግፈው፤ ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ምሥራቅ በረሃ ነው፣ ቲሸርት ይበቃል።» ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረር ስትገቡ 1,900 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ጋራ ሙለታ ደግሞ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ጃኬት ያዙ፤ የእኔን ጋቢ ስንቱ ለብሶታል።

«የሐረር ጅብ ለማዳ ነው።» ጀጎል ግንብ ሥር ከሰው እጅ ሥጋ መብላት የለመደው እና ገጠር የሚዞረው አንድ አይደሉም።

«ቆቱ የሕዝብ ስም ነው።» የሐረርጌን ኦሮሞ ነው እንዲህ የሚሉት። ቃሉ በኦሮምኛ አራሽ ማለት ነው፤ ከውጭ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ንቀት ይሆናል። «አደሬ» የሚለውንም ተዉት፣ ሐረሪ በሉ። እነሱ ራሳቸውን ጌይ ኡሱእ፣ የከተማው ሰው ነው የሚሉት።

«ሐረር ሄጄ ቡና ሳይሆን ወተት አጠጡኝ።» ሆጃ ነው የሰጧችሁ፤ የቡናው ገለባ ወይም ቅጠሉ ተፈልቶ በወተት። ፍሬው ገበያ ይወጣል፣ ገለባው ቤት ይቀራል። ጠጡት። ቀምሶ ማስቀመጥ ያስቀይማል።

አሁን ወደዚያ እንግዳ ልመለስ። ብዙ ሰው ከቤቱ ሲነሳ እያንዳንዱ ብሔረሰብ በየኮረብታው ለብቻው ተቀምጦ፣ የየራሱን ልብስ ለብሶ፣ የየራሱን ቋንቋ እያወራ የሚጠብቀው ይመስለዋል። የቴሌቪዥን የበዓል ፕሮግራም ያመጣብን ጣጣ ነው። አርጎብኛ ለአማርኛ በጣም ቅርብ የሆነ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ ዛሬ የሚነገረው ግን በሸዋና በወሎ ባሉ ጥቂት መንደሮች ነው። የሐረርጌው አርጎባ በአብዛኛው አፉን የሚፈታው በኦሮምኛ ነው። ይህን ስናገር «ታዲያ አርጎባ አይደሉማ!» ያለኝ ሰው አንድና ሁለት አይደለም። ፈረንጅ እንዲያ ቢል ባልገረመኝ፤ የሚገርመኝ ግን እናቱ ጉራጌ፣ አባቱ ኦሮሞ ሆኖ እሱ ከአማርኛ ሌላ የማያውቀው የአዲስ አበባ ልጅ ሲለው ነው።

ያን ቀን አንዲት እናት ከድንጋይ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ። ፍሬውን በአውራ ጣታቸው መስመር በመስመር እየገፉ ሰፌዱ ላይ ያራግፉታል። እንግዳዬ አማርኛ የማይሰሙ መስሎት «ልብሳቸውን ቀይረው እንዲወጡ ንገራቸውማ፣ ሁለት መቶ ብር እሰጣለሁ» አለኝ። እሳቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «ልጄ፣ እናንተ አገር የሰርግ ልብስ ለብሶ በቆሎ የሚፈለፍል አለ እንዴ?» አሉት። ወዲያው ስልካቸው ጮኸ፤ ከባቢሌ ነጋዴ ጋር ስለ ሁለት ፍየል ዋጋ በሶማልኛ ተከራከሩ። ስልኩን ዘግተው የልጅ ልጃቸውን በኦሮምኛ ተቆጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ጀጎል ውስጥ አትክልት ሲሸጡ በለመዱት ሐረሪ፣ የእናቴን ጤንነት ጠየቁኝ። ይህ ሁሉ በሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። እንግዳዬ ያን ሩብ ሰዓት ድሮኑን ሲገጣጥም አሳለፈው።

ድሮኑንም አላስነሳሁትም። እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ቀበሌና ሽማግሌ ሰላም በሉ፤ «ነጉማ» ማለት ብቻ ስንት በር ይከፍታል። ደቡብ ኦሞ ላይ በፎቶ ልክ መክፈል ተለምዷል፤ ያን ልማድ እዚህ አታምጡት። አስፈቅዱ፣ እንቢ ካሉ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ለሕፃናት ከረሜላ አትበትኑ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው እንግዳ ነው መንገድ ላይ እጁን የሚጎተተው። በየኮረብታው የአዋች፣ ማለትም የወልዮች መቃብር ታገኛላችሁ፤ ጫማ አውልቁ፣ ሴቶች ሻሽ አይለያችሁ። በረመዳን ከመጣችሁ ምሳችሁን ሐረር በልታችሁ ውጡ፤ ፆመኛ ፊት ሳንድዊች የሚገምጥ እንግዳ ይዤ መሬት ዋጠኝ ብያለሁ።

ኮረሚ ውስጥ የሚኖር ሰው የለም፣ ፍርስራሽ ነው ብለው የሚመጡም አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ሳይጠይቁ ዘው የሚሉት እነዚህ ናቸው። በር ላይ ቁሙና ድምፅ አሰሙ።

አንድ ቀረችኝ፣ «ቁንዱዶ ላይ የዱር ፈረሶቹን አይተን በዚያው ቀን እንመለሳለን» የምትለዋ። ቁንዱዶ ከፉኛን ቢራ በላይ ያለ፣ አናቱ ጠረጴዛ የመሰለ አምባ ነው፤ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ፈረሶቹ በእርግጥ አሉ። ቅድመ አያቶቻቸው የሰው ፈረሶች ነበሩ፤ እነሱ ግን ባለቤትም ሰዓትም የላቸውም። ከወጣሁባቸው አምስት ጊዜያት በሁለቱ ያሳየሁት ፋንድያ ብቻ ነው። ክፍያ አይመለስም፤ መኪና ውስጥ ሳንገባ እናገራለሁ።