ቤዚክ ኢንተርፕሪተር በማይክሮኮንትሮለር ላይ ምንድን ነው?

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ ኮንዶሚኒየም እናስብ። ውሃ በፈረቃ ነው። ሲመጣ ምድር ላይ ያለው ሮቶ ይሞላል፤ ከዚያ ፓምፕ ወደ ጣሪያው ሮቶ ይገፋዋል። ፓምፑን የምታስነሳና የምታጠፋ አንዲት ሳጥን አለች። የሠራት እዚያው ብሎክ ያደገ፣ አምስት ኪሎ ኤሌክትሪካል የሚማር ልጅ ነው። ልጁ ተመረቀ፣ ሐዋሳ ሥራ አገኘና ሄደ። ሳጥኗ ግን አንድ ጉድለት አለባት፦ የታችኛው ሮቶ ባዶ መሆኑን አታውቅም። ውሃ ለሳምንት ሲጠፋ ፓምፑ በባዶው ይሽከረከራል። በባዶው የሚሽከረከር ፓምፕ ደግሞ መቃጠሉ አይቀርም።

ኮሚቴው ሌላ ባለሙያ ቢጠራ፣ ሰውየው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኮዱ የታለ?» ብሎ ነው። ኮዱ ሐዋሳ ነው፤ ልጁ ላፕቶፕ ላይ። እሱም ላፕቶፑን ካልቀየረ።

ችግሩ ከልጁ አይደለም፣ ከአሠራሩ ነው። ሳጥኗ ውስጥ ያለው ማይክሮኮንትሮለር ነው። ማይክሮኮንትሮለር ማለት ፕሮሰሰሩም፣ ራሙም፣ ማስቀመጫውም አንዲት ቺፕ ውስጥ የታጨቁበት ትንሽ ኮምፒውተር ነው። አርዱዪኖ በሚባለው የመለማመጃ ቦርድ ላይ ያለችው ጥቁር ቺፕ እሷ ናት። በተለመደው መንገድ ፕሮግራሙን የምንጽፈው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኮምፓይለር የጻፍነውን ወደ ማሽን ኮድ ይለውጠዋል። ቦርዷ ላይ የሚጫነው ያ ማሽን ኮድ ብቻ ነው። መልሳችሁ ብታወጡት እንኳ የምታገኙት የቁጥር ክምር ነው። ልጁ የጻፋቸው ስሞችና ማስታወሻዎች እዚያ የሉም።

ቤዚክ ኢንተርፕሪተር ይህን ይገለብጠዋል። ቦርዷ ላይ አንድ ጊዜ የሚጫነው ኢንተርፕሪተሩ ነው፤ ማለትም ቤዚክ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ መስመር እያነበበ እዚያው በዚያው የሚፈጽም ፕሮግራም። የእናንተ ፕሮግራም ራሱ ቦርዷ ውስጥ እንደተጻፈ ይቀመጣል። ገመድ ሰክታችሁ «ሊስት» ብላችሁ ስትጽፉ መስመር በመስመር ይወጣላችኋል። «ረን» ስትሉ ይነሳል። ኮንትሮልና ሲ ስትጫኑ ይቆማል። የሚያስፈልጋችሁ ጽሑፍ የሚልክና የሚቀበል ነገር ብቻ ነው፦ ላፕቶፕ ላይ ማንኛውም ተርሚናል፣ ወይም አንድሮይድ ስልክ ከኦቲጂ ገመድ (ስልኩን ከዩኤስቢ ዕቃ ጋር የሚያገናኝ) እና ከነጻ የሲሪያል ተርሚናል አፕ ጋር። ላፕቶፕ ለሌለው ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ቤዚክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው በትዝታ ነው፤ የድሮ ኮምፒውተር፣ ሰማያዊ ስክሪን፣ ምናምን። እኔን ትዝታው አይደለም የሚስበኝ። የሚስበኝ ኮዱ ከዕቃው ጋር አብሮ መኖሩ ነው። የሠራው ሰው ሐዋሳም ይሂድ ዋሽንግተን፣ ሳጥኗን የከፈተ ሰው ማንበብ ይችላል።

የፓምፗ ፕሮግራም በቤዚክ ብትሆን ኖሮ ይህን ትመስላለች። ትዕዛዞቹ ስክሪን ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፤ እዚህ በእኛው ላስቀምጣቸው። ፒኖቹን፣ ማለትም ቺፗ ከውጭ ዕቃ ጋር የምትገናኝባቸውን እግሮች፣ የሚያዘጋጁትን መስመሮች ትቻለሁ።

10 ኢፍ ፒን(5) = 1 ዜን ጎቱ 50
20 ፒን(6) = 1
30 ፖዝ 2000
40 ጎቱ 10
50 ፒን(6) = 0
60 ጎቱ 30

ፒን 5 ላይ ያለችው የጣሪያው ሮቶ ውስጥ የምትንሳፈፍ ስዊች ናት። ሮቶው ከሞላ 1 ትላለች። ፒን 6 ሪሌይ ነው፤ ፓምፑን የሚያበራውና የሚያጠፋው። እንግዲህ መስመር 10 «ሞልቷል?» ብላ ትጠይቃለች። ከሞላ ወደ 50 ዘልላ ታጠፋለች። ካልሞላ 20 ላይ ታበራለች። ከዚያ ሁለት ሰከንድ ጠብቃ እንደገና ትጠይቃለች። ፖዝ የሚቆጥረው በሚሊሰከንድ ነው፣ ለዚያ ነው 2000 የሆነው።

አሁን ጉድለቷን እናስተካክል። የታችኛው ሮቶ ውስጥ ሌላ ተንሳፋፊ ስዊች ትገባለች፣ ገመዷ ፒን 4 ላይ ይታሰራል፤ ባዶ ሲሆን 0 ትላለች። ከዚያ ስልካችሁን ሰክታችሁ አንዲት መስመር ትጽፋላችሁ፦

15 ኢፍ ፒን(4) = 0 ዜን ጎቱ 50

በቃ። በመስመር ቁጥር የሚሠራ ኢንተርፕሪተር ቁጥሯን አይቶ በ10 እና በ20 መካከል ያስገባታል። የድሮ ቤዚክ ጸሐፊዎች መስመር ሲቆጥሩ አሥር አሥር የሚዘሉት ለዚህ ነበር፤ ነገ ትዝ የሚል የተረሳ ነገር አይጠፋም። የውሃው ማዕበል ስዊቿን እያወዛወዘ ፓምፑን ቶሎ ቶሎ የሚያበራና የሚያጠፋ ከሆነም፣ መስመር 30ን እንደገና «30 ፖዝ 20000» ብላችሁ መጻፍ ነው። አዲሷ አሮጌዋን ትተካለች። ይህ ሁሉ ሮቶው ሥር ቆማችሁ ነው። (ከሪሌዩ ማዶ ያለው 220 ቮልት ነው። እሱን ለኤሌክትሪሻን ተዉት።)

መብራት ሄዶ ሲመጣስ? ይህን ሳትጠይቁ ምንም ነገር አትስቀሉ። ፕሮግራሙ ራም ላይ ብቻ ካለ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ የማይጠፋ ማስቀመጫ፣ ማለትም ፍላሽ ወይም ኢኢፕሮም ላይ መቀመጥ አለበት፣ ቦርዷም ስትነሳ ማንም ሳይነካት ራሷ እንድትጀምረው መታዘዝ አለባት። ኤምኤምቤዚክ በሚባለው ኢንተርፕሪተር ትዕዛዙ «ኦፕሽን አውቶረን ኦን» ነው። እሷን የረሳ ሰው ሳጥኑ የሚሠራለት መብራት እስኪሄድ ድረስ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ያ ስንት ቀን እንደሆነ ለእናንተው ልተወው።

ይህ ሁሉ ምቾት በነጻ አይመጣም። ኢንተርፕሪተር መስመር ባገኘ ቁጥር ያነባል፣ ትዕዛዙን ይለያል፣ ሒሳቡን ያሰላል፣ ከዚያ ይፈጽማል። መቶ ጊዜ የሚደጋገም መስመር መቶ ጊዜ ይነበባል። ብዙዎቹ ትንሽ ለማፍጠን ሲሉ እንደ ፕሪንት ያለውን ቃል በአንድ ባይት ምልክት ለውጠው ያስቀምጡታል፤ «ሊስት» ስትሉ መልሰው ይዘረጉታል። ጎቱ ሲያጋጥማቸው ደግሞ ቀላሎቹ ኢንተርፕሪተሮች መስመሩን ከፕሮግራሙ መጀመሪያ አንስተው አንድ በአንድ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በተደጋጋሚ የሚጠራ ክፍል ከላይ ቢቀመጥ ፕሮግራሙ በእርግጥ ይፈጥናል።

ለሮቶ ይህ ምንም አይደለም። ውሃ በማይክሮሰከንድ አይሞላም። ችግር የሚሆነው እንደ ዲኤችቲ22 ያለ የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር ሲመጣ ነው። ይህ ሴንሰር መረጃውን የሚልከው በምልክቱ ርዝመት ነው፤ ወደ 27 ማይክሮሰከንድ የቆየ ምልክት ዜሮ፣ ወደ 70 የቆየ ደግሞ አንድ። ዝግ ያለ ኢንተርፕሪተር አንዲት መስመር አንብቦ ሳይጨርስ ምልክቱ አልፏል። ኤምኤምቤዚክ ለዚህ ዓይነት ሴንሰር አብሮ የተሠራ ትዕዛዝ ስላለው እናንተ አትቸገሩም። ኢንተርፕሪተር ስትመርጡ ከፍጥነቱ ይልቅ አብረውት የሚመጡትን ትዕዛዞች ዝርዝር እዩ ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ዋጋ ራም ነው። አርዱዪኖ ኡኖ 32 ኪሎባይት ፍላሽና 2 ኪሎባይት ራም አላት። ታይኒ ቤዚክ ፕላስ የሚባለው ትንሽ ኢንተርፕሪተር ተጭኖባት ለእናንተ ፕሮግራም የሚተርፈው ራም 1 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ቁጥሮቹም ከ32767 የማይበልጡ፣ ነጥብ የሌላቸው ሙሉ ቁጥሮች ናቸው። ጠባብ ነው፣ ግን ቤዚክ ጠባብ ቤት ያደገ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ጆን ኬምኒና ቶማስ ከርትዝ ዳርትመዝ ኮሌጅ ውስጥ ሲፈጥሩት ሐሳባቸው የሳይንስ ተማሪ ያልሆነውም ኮምፒውተር እንዲነካ ነበር። (የእነሱ ቤዚክ ኮምፓይለር ነበር፤ ኢንተርፕሪተርነቱ በኋላ የመጣ ነው።) በ1975 ቢል ጌትስና ፖል አለን አልቴር 8800 ለሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር በ4 ኪሎባይት አስገቡት። በ1976 ደግሞ ሊ-ቼን ዋንግ ያወጣው ታይኒ ቤዚክ 2 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም ነበር። ዛሬ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የምትባለው ትንሽ ቦርድ 264 ኪሎባይት ራም አላት፤ ኮሞዶር 64 ከሚባለው የድሮ የቤት ኮምፒውተር አራት እጥፍ በላይ። እሷ ላይ ኤምኤምቤዚክ ከነነጥብ ቁጥሮቹ፣ ከነኤዲተሩ ተደላድሎ ይቀመጣል።

ባትሪ ላይ ስንመጣ አንድ የተለመደ ብዥታ አለ። «ኢንተርፕሪተር ቀርፋፋ ነው፣ ስለዚህ ባትሪ ይጨርሳል» ይባላል። ግማሽ እውነት ነው። ያው ሥራ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ ቺፗ ነቅታ የምትቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ነው። ባትሪውን በዋናነት የሚጨርሰው ግን ሥራው አይደለም፤ ሥራ በሌለበት ነቅቶ መቆየቱ ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ ተራ እንደሚጠብቅ ሚኒባስ ማለት ነው።

ጣሪያው ላይ በባትሪ የሚሠራ የውሃ መለኪያ አለ እንበል። ነቅቶ ሳለ 20 ሚሊአምፒየር ይወስዳል፣ ባትሪው 2000 ሚሊአምፒየር ሰዓት ነው። ሁልጊዜ ነቅቶ ከዋለና ካደረ 100 ሰዓት ይሠራል፤ አራት ቀን ትንሽ ቢያልፍ ነው። በየደቂቃው ለአንድ ሰከንድ ብቻ ነቅቶ ቀሪውን ቢተኛ አማካዩ ወደ 0.33 ሚሊአምፒየር ይወርዳል። ያ 6000 ሰዓት ነው፣ ከስምንት ወር በላይ፤ የእንቅልፉን ፍጆታና የባትሪውን እርጅና ሳንቆጥር። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ኢንተርፕሪተሩ የእንቅልፍ ትዕዛዝ አለው ወይ ነው። ፖዝ ሁልጊዜ እንቅልፍ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ነቅቶ መቁጠር ነው። ቦርዷንም እዩ። የኡኖዋ ቺፕ ብቻዋን በጥልቅ እንቅልፍ ከ1 ማይክሮአምፒየር በታች መውረድ ትችላለች፤ አጠገቧ ያሉት የዩኤስቢ ቺፕ፣ ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ሬጉሌተርና የማትጠፋው አምፖል ግን አይተኙም። ፒኮም ለረጅም እንቅልፍ የተሠራች አይደለችም።

አማርኛ የምታሳይ ነገር ለመሥራት ለምታስቡ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ አንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የላቲኑ አንድ። ባይት ለሚቆጥር ኢንተርፕሪተር «ሰላም» ዘጠኝ ነው። 1 ኪሎባይት ላይ ይህ ይሰማል። ከ127 በላይ ያሉትን ባይቶች ለትዕዛዝ ምልክት የሚጠቀሙት ኢንተርፕሪተሮችማ ፊደላችንን ጭራሽ ያተራምሱታል። ቀላሉ መንገድ ቦርዷ ቁጥር ብቻ እንድትልክ አድርጎ አማርኛውን ስልኩ ላይ መተው ነው።

«ለምን ማይክሮፓይተን፣ ለማይክሮኮንትሮለር የተሠራው የፓይተን ቋንቋ፣ አይሆንም?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ሐሳቡ አንድ ነው፤ እሱም ኢንተርፕሪተር ነው፣ ኮዱም ቦርዷ ላይ ይኖራል። ሥራ ለመቀጠር የምትማሩ ከሆነ እሱን ምረጡ፤ ፓይተን ሌላም ቦታ ይጠቅማችኋል። ግን ወደ 256 ኪሎባይት የኮድ ቦታና 16 ኪሎባይት ራም ይፈልጋል። ኡኖ ላይ አይገባም። የጥበቃው ሠራተኛ ወይም የኮሚቴው ሰብሳቢ «30 ፖዝ 20000» ብለው ራሳቸው እንዲቀይሩ ከፈለጋችሁም ቤዚክ ይሻላል፤ ቢያንስ እንደ ፓይተን በመስመር መጀመሪያ ባለ ባዶ ቦታ ብዛት አይኮርፍም።

ለመጀመር ፒኮ ትመቻለች። ቡትሴል የምትባለውን ቁልፍ እንደተጫናችሁ ዩኤስቢውን ላፕቶፕ ላይ ሰኩት፤ እንደ ፍላሽ ዲስክ ትከፈታለች። የኤምኤምቤዚኩን ዩኤፍ2 ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ እዚያ ለጥፉ፣ ራሷ ትነሳለች። ላፕቶፕ የምትለምኑት ለዚህች አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በስልካችሁ ሰክታችሁ «ፕሪንት 2+2» በሏት።