የተለየ የብረት ቅንጣት ምርመራ በጉርሱም ዓይነት የሰማይ ድንጋይ ውስጥ

በ1981 (እ.ኤ.አ.) በሐረርጌ፣ ጉርሱም የወደቀው ሜትዮራይት (የሰማይ ድንጋይ) ከኤች ቡድን ኮንድራይቶች፣ ማለትም ብረት ከሚበዛባቸው ድንጋያማ ሜትዮራይቶች፣ ይመደባል። በዚህ ቡድን ውስጥ የብረትና የኒኬል ቅይጥ ከድንጋዩ ክብደት ከ15 እስከ 19 በመቶ ይደርሳል፤ የሚገኘው ግን በአብዛኛው ከ1 ሚሊሜትር ባነሱ ፍንጣቂዎች ተበትኖ ነው። ስለዚህ ባቄላ የሚያህል ብረት ከታየ ራሱን የቻለ ምርመራ ይፈልጋል።

ሐረርና ድሬዳዋ አካባቢ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ምድራዊ ብረት ነው፦ የሲሚንቶ ወፍጮ ኳስ፣ የባቡር ጥገና ትርፍራፊ፣ የማቅለጫ ዝቃጭ። ኃይለኛ ማግኔት ማስጠጋት ግን አይመከርም፤ ድንጋዩ ከጠፈር ይዞት የመጣውን መግነጢሳዊ አሻራ ያጠፋል። የሚሻለው በሞረድ ጥቂት ዱቄት ማውጣት ነው። ዱቄቱ በናይትሪክ አሲድ ይሟሟል፣ ሲትሪክ አሲድና አሞንያ ይጨመርበታል፣ ከዚያ ዳይሜቲልግላይኦክሲም (ኒኬልን በቀለም የሚለይ ኬሚካል) ጠብ ይደረግበታል። ኒኬል ካለ ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ ይህም ብረቱ ከጠፈር የመጣ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ሲትሪክ አሲዱ ከተዘለለ ብረቱ ቡናማ ዝቃጭ ሠርቶ ቀለሙን ይሸፍናል። በናይትሪክ ፋንታ ሃይድሮክሎሪክ ብቻ ከተጠቀሙ ደግሞ ብረቱ ራሱ ቀይ ቀለም ሰጥቶ ያሳስታል።

ቀጣዩ እርምጃ የብረቱን ይዘት በማሽን መለካት ነው፤ ከማሽኑ ይልቅ ግን ብዙ ውጤት የሚበላሸው በናሙና ዝግጅት ነው። በአልማዝ መጋዝ የተቆረጠው ገጽ በአልኮል ታጥቦ ወዲያው ካልደረቀ ይዝጋል። ቁራጩ በኢፖክሲ (በሚጠነክር ሙጫ) ተቀብሮ በብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻም በ1 ማይክሮን የአልማዝ ቅባት ይወለወላል። ብረቱ ከአካባቢው ማዕድን ስለሚለሰልስ ውልወላው ሲበዛ ይጎደጉዳል፤ ጠርዙ ላይ የሚወሰድ ልኬትም ይዛባል። መልኩን ለማየት የሚቀባው ኒታል (2 በመቶ ናይትሪክ አሲድ በአልኮል) ከልኬቱ በኋላ ይቆይ፤ ቀድሞ ከተቀባ ገጹ እንደገና መወልወል አለበት።

በኤሌክትሮን ማይክሮፕሮብ (በኤሌክትሮን ጨረር የንጥረ ነገሮችን መጠን በሚለካ ማሽን) ሲታዩ፣ ከሁለቱ የሜትዮራይት ብረትና ኒኬል ቅይጦች ካማሳይት ከ5 እስከ 7 በመቶ ኒኬል፣ ቴናይት ከ20 በመቶ በላይ ያሳያል። ክሮሚየም ከበዛ ነገሩ የፋብሪካ ብረት ነው። አስቸጋሪው ኮባልት ነው፦ ማሽኑ እያንዳንዱን ንጥረ ነገር የሚለየው በሚያወጣው ኤክስሬይ ነው፤ ከብረት የሚወጣው ኬ-ቤታ የተባለው ጨረር (7.06 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት) ደግሞ ከኮባልት ኬ-አልፋ (6.93) ጋር ይደራረባል። መደራረቡ ኮባልት በሌለው ንጹሕ ብረት ተለክቶ ካልተቀነሰ ንባቡ ይጋነናል። በኤች ቡድን ካማሳይት ውስጥ ኮባልት 0.5 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ስሕተት ድንጋዩን ወደ ኤል ቡድን (ብረት ወደሚያንስበት፣ በካማሳይቱ ውስጥ ግን ኮባልት ወደሚበዛበት የኮንድራይት ቡድን) ሊያስጠጋው ይችላል።

ልኬቱ ከሚታወቅ ማዕድን ጋር ካልገጠመ የክሪስታሉ መዋቅር በኤክስሬይ ይጠናል። በጎረቤት ሶማሊያ ከተገኘው 15 ቶን ገደማ የኤል አሊ ብረት ሜትዮራይት በተላከ 70 ግራም ቁራጭ ውስጥ፣ በ2022 በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ኤላሊያይትና ኤልኪንስታንቶናይት የተባሉ ሁለት አዳዲስ ማዕድናት ተለይተዋል።