ከጡረታ በኋላ ለረጅም የብስክሌት ጉዞ መዘጋጀት

ረጅም የብስክሌት ጉዞ ውድድር አይደለም። ሰዓት የሚይዝ ዳኛ የለም፣ ሜዳሊያም የለም። ጓዝን ብስክሌት ላይ ጭኖ ከከተማ ከተማ፣ ሲያሻም ከአገር አገር እየተሻገሩ ለሳምንታት ወይም ለወራት መጓዝ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ በዚህ ጉዞ ላይ ጡረተኛ ማየት የተለመደ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሦስት ወር ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ከየት ይመጣል? ይህን ያህል ጊዜ ያለው ወይ ተማሪ ነው ወይ ጡረተኛ። ከሁለቱ ደግሞ በየወሩ ደመወዝ የሚገባለት ጡረተኛው ነው።

ጡረተኛው የሚያጥረው ሌላ ነገር ነው። ሰውነቱ እንደ ወጣት ቶሎ አያገግምም። ዛሬ ጉልበቱን ቢጨርስ ነገ አይመለስለትም፤ ከነገ ወዲያም ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ የዚህ ዕድሜ ልምምድ ከወጣቶቹ የሚለየው በኪሎ ሜትሩ ማነስ ሳይሆን በዕረፍቱ አቀማመጥ ነው።

መንገዶቹ

ከታወቁት መንገዶች አንዱ በአሜሪካ ያለው ትራንስአሜሪካ ትሬይል ነው። በምዕራብ ከኦሪገኗ አስቶሪያ ተነስቶ በምሥራቅ ቨርጂኒያ ውስጥ ዮርክታውን ይደርሳል። ርዝመቱ ወደ 6,800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መንገዱ የተከፈተው በ1976 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ አሜሪካ የነጻነቷን 200ኛ ዓመት ስታከብር ነው። ዝግጅቱ ባይክሴንቴኒያል ይባል ነበር፤ በዚያ ዓመት ከ4 ሺህ በላይ ሰዎች መንገዱን በሙሉ ወይም በከፊል ነድተውታል። ያዘጋጀው ድርጅት ዛሬም አድቬንቸር ሳይክሊንግ አሶሲዬሽን በሚል ስም ሞንታና ውስጥ ሚዙላ ከተማ ተቀምጦ ካርታ ያዘጋጃል።

በዚያው መንገድ ላይ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አፍተን በምትባል የዳገት መንደር፣ ጁን ከሪ የተባሉ ሴት ይኖሩ ነበር። በ1976 ለደከሙ ብስክሌተኞች ውሃ መስጠት ጀመሩ፣ ቀጥሎ ብስኩት እየጋገሩ ማብላት ያዙ። በ2012 እስኪያርፉ ድረስ ተጓዡ ሁሉ የሚያውቃቸው «ኩኪ ሌዲ» በሚል ስም ነበር። እኛ አገር እንግዳ መቀበል የተለመደ ስለሆነ ነገሩ ላይገርመን ይችላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ግን ከዚህ ባይጀምር ይሻለዋል። አውሮፓ ውስጥ የዳኑብን ወንዝ ተከትሎ ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ቪየና የሚወስደው መንገድ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ሜዳ ነው፣ መንደሮቹም አይራራቁም። በአሜሪካ ደግሞ ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ከምበርላንድ፣ ከዚያም ወደ ፒትስበርግ የሚወስድ ለመኪና የተዘጋ መንገድ አለ። ሲ ኤንድ ኦ የተባለውን አሮጌ የጀልባ ቦይና የቀድሞ የባቡር ሐዲድ መስመርን የተከተለ ነው፤ በጠቅላላው 540 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ ከከምበርላንድ በኋላ ያለው ዳገት ረጅም ቢሆንም ለስላሳ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩ አበሾች ይህ መንገድ ደጃፋቸው ነው ማለት ይቻላል።

ዕድሜና ሰውነት

ስፖርት በማይሠራ ሰው ላይ፣ ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ከ30 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የልብ ከፍተኛ ምትም አብሮ ይወርዳል። ለግምት ያህል ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ውጤቱን ከ208 መቀነስ ይቻላል፤ ለ65 ዓመት ሰው 162 አካባቢ ይመጣል። ጡንቻ ይሳሳል። የጥማት ስሜትም ይደበዝዛል፤ ሰውነት ውሃ እያነሰው አፍ ላይደርቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን ምን ያህሉ የዕድሜ፣ ምን ያህሉ የመቀመጥ ውጤት ነው? በ2018 የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅና የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ55 እስከ 79 ዓመት የሆናቸው 125 ብስክሌተኞችን አጥንተው ነበር። ለመግባት መመዘኛ ነበረው፤ ወንዶቹ 100 ኪሎ ሜትር ከ6 ሰዓት ተኩል በታች፣ ሴቶቹ 60 ኪሎ ሜትር ከ5 ሰዓት ተኩል በታች መንዳት ነበረባቸው። የእነዚህ ሰዎች ጡንቻ ከዕድሜያቸው ጋር አልከሳም። ቲ ሴል የተባሉትን የመከላከያ ሕዋሳት የሚያመርተው ዕጢም እንደ ወጣት ሰው ይሠራ ነበር። ደስ የሚል ዜና ነው፤ ነገር ግን ሰዎቹ አብዛኛውን የጉልምስና ዘመናቸውን ሲነዱ የኖሩ ናቸው። ዘግይቶ ለሚጀምር ሰው ይህ ብቻውን መልስ አይሆንም።

ለእሱ የሚቀርበው የፈረንሳዊው የሮቤር ማርሻን ታሪክ ነው። ማርሻን በ1911 ተወለደ። ፓሪስ ውስጥ እሳት አጥፊ፣ ቬኔዝዌላ ውስጥ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ካናዳ ውስጥ እንጨት ቆራጭ ሆኖ ሠርቷል። ወደ ብስክሌት በቁም ነገር የተመለሰው በ67 ዓመቱ ነው፣ ብዙ ሰው ጋቢ ለብሶ መቀመጥ በሚያምረው ዕድሜ። በ1992፣ 80 ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ከፓሪስ ሞስኮ ነዳ። በ2012 ዕድሜያቸው ከመቶ በላይ ለሆኑ በተከፈተው ምድብ በአንድ ሰዓት 24.25 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ በ2014 ይህንኑ ወደ 26.927 አሳደገው። በሁለቱ ሙከራዎች መካከል ባሉት ዓመታት ልምምዱን የመሩትና ያጠኑት ተመራማሪዋ ቬሮኒክ ቢላ ናቸው። በዓመት 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳ ነበር። 80 በመቶው ቀላል፣ 20 በመቶው ጠንከር ያለ ነበር። ከ101 እስከ 103 ዓመቱ ድረስ ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀሙ 13 በመቶ ጨመረ። በፔዳል ላይ የሚያወጣው ከፍተኛ ጉልበትም ከ90 ዋት ወደ 125 ዋት ወጣ። ያረፈው በ2021፣ በ109 ዓመቱ ነው። በእርግጥ አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም። ቢሆንም ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ሰውነት ለልምምድ መልስ እንደሚሰጥ አሳይቷል።

ልምምዱ

ለብዙ ሳምንት ጉዞ የስድስት ወር ዝግጅት ጥሩ ነው። መነሻው ሐኪም ቤት ነው። ልብ፣ የደም ግፊትና ስኳር ይታያሉ። የሚወሰድ መድኃኒት ካለም በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ቤታ ብሎከር የተባሉት የግፊትና የልብ መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚይዙት፣ የእጅ ሰዓት ላይ የሚታየው የልብ ምት ቁጥር ድካምን በትክክል አያሳይም። ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች በሙቀት ቀን ፈሳሽ ያሳጣሉ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ረጅም ሲነዳ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል።

የመጀመሪያው ወር አሰልቺ ነው፣ መሆንም አለበት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሜዳ ላይ፣ 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር። ፍጥነቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እየነዱ ሳይቆራረጥ ማውራት ከተቻለ ልክ ነው። ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ትንፋሽ ከተቆረጠ በዝቷል። ከዚያ የሳምንቱ ድምር በ10 በመቶ አካባቢ ይጨምራል፣ በአራተኛው ሳምንት ደግሞ ሆን ተብሎ ይቀነሳል። ይህችን የመቀነሻ ሳምንት የሚዘልሉ ብዙ ናቸው። ሰው ሞቅ ሲለው ማረፍ ስንፍና ይመስለዋል። ጉልበትና ከተረከዝ በላይ ያለው የአኪለስ ጅማት ግን ከሳንባ ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት፤ ትንፋሹ ተስተካከለልኝ ብሎ የሚሮጥ ሰው ጉልበቱን ይዞ ቁጭ ይላል።

ከሳምንቱ ቀናት አንዱ ለዳገት ይሁን። ሁለትና ሦስት ደቂቃ የሚወስድ ዳገት ጠንከር አድርጎ ወጥቶ፣ ቀስ ብሎ ወርዶ፣ ደጋግሞ መውጣት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ቀን ዕረፍት ወይም የእግር ጉዞ።

ብስክሌት አንድ ጉድለት አለበት። ክብደታችንን ስለሚሸከምልን አጥንት አያጠነክርም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ቁጭ ብድግ፣ ደረጃ መውጣት፣ ክብደት ማንሳት፣ በአንድ እግር መቆም ይጨመራሉ። የመጨረሻው ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን የተጫነ ብስክሌት ላይ ወጥቶ መውረድ ራሱ ሚዛን ይፈልጋል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ውድቀት ስብራት ያመጣል።

በአራተኛው ወር ረጅሙ ቀን 60 ወይም 70 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጓዝ የጫነ ተጓዥ በአብዛኛው በቀን ከ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ከዚህ በላይ ማርዘም ብዙም አያስፈልግም። ከዚህ በኋላ ዋናው ጥያቄ «በማግስቱስ?» የሚለው ነው። ቅዳሜ 50 ነድቶ እሑድ 50 መድገም፣ ቀጥሎም ሦስት ቀን ማስከተል። አንድ ቀን መቶ የሚነዳ ብዙ ነው፤ በማግስቱ መቀመጫው ላይ ተመልሶ የሚወጣ ግን ጥቂት ነው። በመጨረሻ ጓዙ ይጫናል። 15 ኪሎ ሻንጣ የፍሬኑንም የመሪውንም ጠባይ ይለውጣል። ሁለት ሌሊት የሚታደርበት አጭር የሙከራ ጉዞ ከተደረገ ቤት የሚቀረው ዕቃ ወዲያው ይታወቃል።

በዋሽንግተን አካባቢ ለዚህ የሚመቸው ደብልዩ ኤንድ ኦ ዲ የተባለው የ72 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፤ አርሊንግተን ውስጥ ከሸርሊንግተን ተነስቶ ፐርሰልቪል ይደርሳል። በብርዱ ወራት ጂም ውስጥ ያለው የቆመ ብስክሌት ይሠራል፣ ቢሰለችም።

አዲስ አበባ ሌላ ጨዋታ ነው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነዋሪዋ ስስ አየር ለምዷል። የትራንስአሜሪካ ከፍተኛ ቦታ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ያለው ሁዚየር ፓስ፣ 3,517 ሜትር ነው፤ ከባሕር ዳርቻ የመጣ ሰው የሚያቃስትበት ቦታ ለአዲስ አበባ ሰው ያን ያህል አያስፈራም። አስቸጋሪው ትራፊኩና ጭሱ ነው። በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል፤ ለጀማሪ ማለዳ እነሱ ላይ መልመድ ይሻላል። ሜዳ የሚፈልግ ሰው ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ጥቂት ቀን ቢያድር ብስክሌት የለመደ ከተማ ያገኛል።

ብስክሌቱ፣ ምግቡ

ስለ ብስክሌቱ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ገበያውም ብዙ ያስብላል። ለጡረተኛ ወሳኙ ቀላል ማርሽ ነው። ዳገት ላይ እግር በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል መዞር ካልቻለ ጫናው ጉልበት ላይ ያርፋል። ጎማው ሰፋ ቢል፣ መሪው ከፍ ቢል ለእጅና ለወገብ ይመቻል። መቀመጫው ከሁሉ ያስቸግራል። በመቀመጫ አካባቢ ስለሚወጣ ቁስል በአደባባይ ማውራት ያሳፍራል፤ ጉዞ የሚያቋርጠው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አዲስ መቀመጫ ይዞ መነሳት አይገባም፤ ከወራት በፊት መለመድ አለበት። ጎማ መቀየርና ሰንሰለት ማያያዝም ቤት ውስጥ ይለመዳል፤ ካንሳስ ሜዳ ላይ ጎሚስታ የለም።

በሞተር የሚታገዝ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። በአውሮፓ ሕግ ሞተሩ 250 ዋት ነው፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ማገዝ ያቆማል። ፔዳሉን ካልመቱት አይሄድም። አንዱ የሚበረታ፣ አንዱ የሚደክም ባልና ሚስት ጎን ለጎን እንዲጓዙ የሚያደርግ መፍትሔ ነው።

ምግብ ላይ እኛ ከሰው አናንስም። ረጅም ሲነዱ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል። ሙዝ፣ ቴምር፣ ቆሎ ይህን ይሞላሉ። በሶማ ድሮም የመንገደኛ ስንቅ ነው። ከሥልጠና በኋላ ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ለአዛውንት በቀን በየኪሎው ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይባላል። በጾም ወቅት ምስር፣ ሽሮና ባቄላ በርከት ብለው መበላት አለባቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ወይም ረመዳን የያዘ ሰው ከባዱን ልምምድ ወደ ማፍጠሪያው ቢያስጠጋ ይሻላል። ውሃ ደግሞ ሳይጠማ ይጠጣል።

መነሻው

የልምምዱ ቀን መቁጠሪያ ከመነሻው ቀን ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው። ትራንስአሜሪካን ከምሥራቅ የሚጀምሩት ግንቦት ላይ ይወጣሉ፤ ከምዕራብ የሚጀምሩት በኦሪገን ተራሮች ያለው በረዶ እስኪጸዳ ወደ ሰኔ ይገፋሉ። ከቨርጂኒያ የተነሳ ሰው የአፓላቺያን ተራሮችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያገኛቸዋል። ከፍታቸው በምዕራብ ካሉት የሮኪ ተራሮች ቢያንስም ዳገታቸው ይበልጥ ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ከምሥራቅ የሚነሳ በኅዳር፣ በብርዱ፣ ልምምድ መጀመር አለበት። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ሳምንት ራሱ የልምምዱ ክፍል ተደርጎ ይያዛል፤ በቀን 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር፣ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ሙሉ ዕረፍት፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀስ በቀስ የሚጨመረው።