ጃፓን ሄዶ በእንግሊዝኛ ሊበራል አርትስ መማር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰሞኑን አንዲት የዘመዳችን ልጅ 12ኛ ክፍል ጨርሳ ጃፓን መማር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እኔ ቶኪዮ አራት ዓመት በእንግሊዝኛ ሊበራል አርትስ ስለተማርኩ ነው የመጣችው። ቁጭ ብለን ሁለት ሰዓት አወራን። ከጠየቀችኝ ውስጥ ግማሹን እኔም ከመሄዴ በፊት እንደ እውነት ይዤው የነበረ ነገር ነው። ለእሷ ያልኳትን ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ሊበራል አርትስ ማለት ሥዕልና ሙዚቃ ነው»

አይደለም። የሚያሳስተው «አርትስ» የሚለው ቃል ነው። አባቴ ራሱ እስከ ሁለተኛ ዓመቴ ድረስ ሰው ሲጠይቀው «ሥነ ጥበብ መሰለኝ» ይል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ሙያ ላይ ሳትታሰሩ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ፍልስፍና፣ ስታቲስቲክስ፣ ሶሲዮሎጂ እየቀመሳችሁ ትቆዩና ቀስ ብላችሁ ወደ አንዱ ታተኩራላችሁ። እኛ አገር ካለው የፍሬሽማን ኮርስ ጋር ይቀራረባል፤ ግን በአንድ ዓመት አያበቃም። ለምሳሌ ቶኪዮ ሚታካ የሚገኘው ኢንተርናሽናል ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ አይሲዩ የሚባለው፣ ተማሪው ሜጀሩን የሚመርጠው ሁለተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ነው።

ትናንት የመጣ ፋሽንም አይደለም። አይሲዩ የተመሠረተው በ1949 ነው። ቤፑ ከተማ ያለው ሪትሱሜይካን ኤዥያ ፓስፊክ በ2000 ተከፈተ። የዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ የሊበራል ስተዲስ ትምህርት ክፍልና የአኪታ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ሁለቱም በ2004 ጀመሩ። ሶፊያ ዩኒቨርሲቲም የራሱ የሊበራል አርትስ ፋኩልቲ አለው።

«ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጃፓንኛ አያስፈልግም»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ክፍል ውስጥ እውነት ነው። ሌክቸሩ፣ ፈተናው፣ የምትጽፉት ወረቀት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ከጊቢ ስትወጡ ግን ሕይወት በጃፓንኛ ነው። የመብራት ደረሰኙ፣ የቆሻሻ መለያው ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውሉ፣ ሐኪሙ። አንድ ተማሪ ቤት በገባ በ14 ቀን ውስጥ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዶ አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት። የጤና መድኑንም እዚያው ያወጣል፤ መድኑ ካለ ከሕክምናው ወጪ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት 30 በመቶውን ነው።

እኔ የሄድኩ ቀን ወረቀቴን አስገብቼ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። አንዲት ሠራተኛ «ቴሱፋዬ ሳማ! ቴሱፋዬ ሳማ!» እያለች ትጣራለች፤ «ሳማ» የአክብሮት መጠሪያ ነው። ማንም አይነሳም። ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ፤ ተስፋዬ አያቴ ናቸው። ፓስፖርቴ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው የአያቴ ስም ነው፣ ጃፓኖች ደግሞ ሰውን የሚጠሩት በቤተሰብ ስሙ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በባንክም በክሊኒክም ተስፋዬ ሆኜ ኖርኩ። ተነስቼ ስሄድ ፎርሙ ላይ ስሜን በካታካና እንድጽፍ ጠቆመችኝ። ካታካና የውጭ ስም የሚጻፍበት ፊደል ነው፤ እኔ አንዷንም አላውቃትም። ሴትየዋ አልተቆጣችም። በእርሳስ ቀስ አድርጋ ጻፈችልኝና እኔ በላዩ ላይ በእስክሪብቶ ሄድኩበት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ብዛት እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ያ እንዳይደርስባችሁ ሁለቱን ፊደላት፣ ሂራጋናና ካታካናን፣ ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱ። መሠረታዊዎቹ 46፣ 46 ናቸው። ለእኛ ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም፤ እንደ ሀሁ እያንዳንዱ ፊደል ከነድምፁ ነው፤ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያለ ይሄዳል። ገበታ ይዞ የቆጠረ ልጅ በአንድ ወር ይወጣዋል። ከባዱ ካንጂ የሚባለው ከቻይና የመጣው ፊደል ነው። በመንግሥት ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ የተወሰነው ዝርዝር ብቻ 2,136 ነው፤ እሱን እዚያው ቀስ እያላችሁ ትለቅሙታላችሁ። ዩኒቨርሲቲዎቹ የጃፓንኛ ኮርስ ይሰጣሉ፣ ክሬዲትም አለው። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምራችሁ ያዙት። «ሁለተኛ ዓመት ላይ እጀምራለሁ» ያሉ ጓደኞቼ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሥራ መፈለጊያው ሲደርስ በጣም ተቸግረዋል።

«ክፍሉ ሁሉ የውጭ ዜጋ ነው፤ ጃፓናዊ ጓደኛ አላገኝም»

እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል። ቤፑ ላይ ከተማሪው ግማሽ ያህሉ ከውጭ የመጣ ነው። ዋሴዳና አኪታ ግን አብዛኛው ጃፓናዊ ነው። ከእነሱ መካከል በአባት በእናት ሥራ ምክንያት ውጭ አገር አድገው የተመለሱ ልጆች አሉ፤ እንግሊዝኛቸው ከእኛ የተሻለ ነው፤ እነሱም ከአገራቸው ሰው ጋር ለመግባባት የሚቸገሩበት ጊዜ አለ። ከእነሱ ጋር ቶሎ ትግባባላችሁ።

አኪታን ለየት አድርጌ ላንሳ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ቶኪዮ ቶኪዮ ይላል። አኪታ ሰሜን ነው፣ ክረምቱ በረዶ ብቻ ነው። አንደኛ ዓመት ሁሉም ዶርም ይኖራል። ቤተ መጻሕፍቱ በአካባቢው ዝግባ የተሠራ ሲሆን ለተማሪ ሌሊቱን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። እዚያ ዲግሪ የሚሠራ ተማሪ አንድ ዓመት በሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ መማር ግዴታው ነው። ይህን ሳያውቁ ማመልከት አይገባም፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት እንደገና ሌላ ቪዛ ማለት ነው።

«ጃፓን ዩኒቨርሲቲ መግባት እንጂ መውጣት አይከብድም»

ይህ አባባል በጃፓንኛ ስለሚሰጡት ፕሮግራሞች የቆየ ወሬ ነው። በእንግሊዝኛው ፕሮግራም ክፍል መገኘት ይቆጠራል፣ በየሳምንቱ የሚነበብ አለ፣ በየኮርሱ የሚጻፍ አለ። በተለይ ዜሚ የሚባለው አለ፤ ጥቂት ተማሪዎች ከአንድ መምህር ጋር ጠረጴዛ ከበው የሚወያዩበት ክፍል ነው። ያላነበበ ሰው እዚያ መደበቂያ የለውም።

«ሜክስት ካገኘሁ በእንግሊዝኛ እማራለሁ»

ሜክስት የሚባለው የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው። አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ በኩል ይወዳደሩበታል። ትልቅ ዕድል ነው፤ ክፍያው፣ የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ በወር 117,000 የን ገደማ መተዳደሪያው ተሸፍኗል። ግን በኤምባሲ በኩል ያለው የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ነው። አንደኛው ዓመት ጃፓንኛ መማሪያ ነው፣ ከዚያ ዲግሪው ራሱ በጃፓንኛ ይሆናል። ይኼ ከእንግሊዝኛው ፕሮግራም ጋር የተለያየ መንገድ ነው። ሁለቱን አምታትተው ዓመት ያቃጠሉ ልጆች አውቃለሁ። በ2014 የተጀመረው አቤ ኢኒሼቲቭ የሚባለው የጃፓን ስኮላርሺፕ ለአፍሪካ ወጣቶችም ለማስተርስ ነው፤ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ አይወዳደርበትም።

የእንግሊዝኛው ፕሮግራም ድጋፍ በአብዛኛው ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ነው የሚመጣው። ለምሳሌ ሪትሱሜይካን ኤዥያ ፓስፊክ ለውጭ ተማሪ የትምህርት ክፍያ ቅናሽ አለው፣ እስከ 100 በመቶ ይደርሳል። ቅናሹ የሚጠየቀው ከማመልከቻው ጋር ነው፤ ገብቼ እጠይቃለሁ ማለት ዘግይቷል።

«እየሠራሁ እከፍላለሁ»

ይህን ሲሉኝ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው የማወጣው። ተማሪ ፈቃድ ካወጣ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ይችላል። ፈቃዱን ኤርፖርት ስትገቡ ራሱ መጠየቅ ይቻላል። በ2024 መጨረሻ የቶኪዮ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 1,163 የን ነበር። 28 ሰዓቱን ሙሉ ብትሠሩ በአራት ሳምንት 130,256 የን ነው። የግል ዩኒቨርሲቲ ክፍያ ደግሞ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ይጀምርና 1.6 ሚሊዮንን የሚያልፍም አለ። 1.6 ሚሊዮኑን ለ12 ወር አካፍሉት፤ በወር ከ133,000 በላይ ነው። ኪራይ፣ ባቡር፣ ምግብ ገና አልነካንም። ስለዚህ የምትሠሩት ሥራ ለአስቤዛ እንጂ ለትምህርት ክፍያ አይሆንም። 28 ሰዓቱን መተላለፍ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ሲታደስ ችግር ያመጣል። እባካችሁ በዚህ አትቀልዱ።

ከመሄድም በፊት ቪዛው የሚሰጠው ወጪውን የሚሸፍን ሰው መኖሩ በባንክ ማስረጃ ሲታይ ነው። ቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል፤ አባት እናት ቤት እየሸጡ መሆኑን ሦስተኛ ዓመት ላይ ከመስማት በፊት።

«በሊበራል አርትስ ሥራ አይገኝም»

እዚህ ጋ ጃፓን ከእኛ በጣም ትለያለች። ትልልቆቹ ኩባንያዎች አዲስ ተመራቂ ሲቀጥሩ ከቴክኒክ ሥራ ውጭ ላለው ቦታ «ምን ተማርክ?» የሚለው ያን ያህል አያስጨንቃቸውም። ሰውየውን ወስደው ራሳቸው ያሠለጥኑታል። ታሪክ የተማረ ሰው ባንክ ይገባል፣ ፍልስፍና የተማረ ሰው ሎጂስቲክስ ይገባል። ስለዚህ የዲግሪው ስም በር አይዘጋባችሁም።

በር የሚዘጋው ጃፓንኛ አለመቻልና ጊዜውን አለማወቅ ነው። ሥራ ፍለጋው ሹካቱ ይባላል፣ የሚጀመረው ገና ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። ብዙ ቀጣሪዎች በጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ኤን 2 የሚባለውን ደረጃ፣ አንዳንዶቹም ከፍተኛውን ኤን 1 ያለፈ ሰው ይፈልጋሉ። ሌላ አንድ ነገር፣ ኩባንያዎቹ በብዛት ሠራተኛ የሚያስገቡት ኤፕሪል ላይ ነው፤ ሴፕቴምበር ገብታችሁ ሴፕቴምበር ከተመረቃችሁ መሐል ላይ ክፍተት አለ። ሥራ ሳያገኙ የተመረቁ ለስድስት ወር ሥራ መፈለጊያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላሉ፣ አንዴ ይታደሳል።

አገር ቤት ለሚመለስ ደግሞ ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል አቻ ግምት ያስፈልገዋል። ዝርዝር ትራንስክሪፕታችሁን ሳትይዙ አትመለሱ፤ «ሊበራል አርትስ» ብቻ የሚል ወረቀት ምን እንደተማራችሁ አይናገርም።

ጊዜውን በተመለከተ ለዘመዴ ልጅ ያልኳት ይኸው ነው። ለእንግሊዝኛው ፕሮግራም ጃፓን ሄዶ መፈተን በአብዛኛው አያስፈልግም፣ ሰነድና የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ማለትም የአይኤልትስ ወይም የቶፍል፣ ውጤት ነው የሚላከው። ግን የሴፕቴምበሩ ማመልከቻ የሚከፈተው ከብዙ ወራት በፊት ነው፤ የእኛ 12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ የዚያ ዓመቱ አልፏል። እሷም የቀጣዩን ዓመት ይዛለች። አይኤልትሱን ለጥር ተመዝግባለች፣ ሂራጋናውን አሁን ናኒኑኔኖ ላይ ናት።