የሀምቦልት ስኩዊድ ምንድን ነው?

ከደሴ ተነስቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይጓዛል። በምሥራቅ ፓስፊክ ውቅያኖስ የሚኖረው የሀምቦልት ስኩዊድ የተባለ የባሕር እንስሳም እንዲሁ በየንጋቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ወደ ጥልቁ ይጠልቃል፤ ሲመሽ ደግሞ ለአደን ወደ ላይ ይወጣል። ታች የሚጠብቀው ውኃ ቀዝቃዛና ጨለማ ነው፤ ኦክስጅኑም እጅግ አነስተኛ በመሆኑ አብዛኞቹ ፈጣን አዳኝ ዓሣዎች ሊኖሩበት አይችሉም። ስለዚህ እንስሳ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ጭካኔው ነው። ባዮሎጂ የማስተምራቸው የደሴ ልጆችም ከስልካቸው የሚያሳዩኝ ቪዲዮ ይህንኑ ነው። እኔን ግን ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ ያለ በቂ ኦክስጅን ቀኑን መዋሉ ነው።

ስኩዊድ ዓሣ አይደለም። አጥንት የለውም፤ የቅርብ ዘመዶቹ ኦክቶፐስና ከትል ፊሽ የተባሉ ለስላሳ ገላ ያላቸው የባሕር እንስሳት ሲሆኑ፣ ራቅ ሲል ክረምት ላይ በየአጥሩ ሥር የምናየው ቀንድ አውጣም ወገኑ ነው። ሦስት ልብ አለው፤ ደሙ በብረት ፈንታ መዳብ ስላዘለ ሰማያዊ ነው። ሐይቅና አርዲቦን በመሰለ ጨው አልባ ውኃ ውስጥ የሚኖር የስኩዊድ ዝርያ በዓለም ላይ የለም። የሀምቦልቱ ዝርያ ከቺሊና ከፔሩ ባሕር አንስቶ እስከ ካሊፎርኒያ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይገኛል። ትልልቆቹ ጭንቅላትና ክንዳቸው ሳይቆጠር ገላቸው ብቻ ከ1 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ክብደታቸውም እስከ 50 ኪሎ ግራም ይደርሳል።

በቀን ታች ሲውል የሰውነቱን የኃይል ፍጆታ እስከ 80 በመቶ ይቀንሳል። አይሞትም፣ አይተኛም፤ ያለችውን ጥቂት ኦክስጅን አብቃቅቶ ጀምበር እስክትጠልቅ ይጠብቃል። ሲመሽ ክሪል የተባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳትና በገላቸው ብርሃን የሚያመነጩ ትናንሽ ዓሣዎች ወደ ላይ ሲወጡ ተከትሏቸው ይወጣል።

ያኔ አደኑ ይጀመራል። ውኃ ወደ ገላው ስቦ በጠባብ ቀዳዳ በኃይል እየተፋ ይወነጨፋል። ስምንት ክንዶችና ሁለት ረጃጅም መያዣዎች አሉት፤ መያዣዎቹን በቅጽበት ዘርግቶ ያደነውን ይነጥቃል። መምጠጫዎቹ ዙሪያቸውን ጥርስ ባለው ቀለበት የተከበቡ ስለሆኑ የተያዘው አያመልጥም። በክንዶቹ መካከል የተደበቀው አፉ የበቀቀን የመሰለ ምንቃር አለው። ይህ ምንቃር እንደ አጥንትና እንደ ጥርስ ካልሲየም የለበትም፤ ሆኖም ጫፉ እጅግ ጠንካራ ነው፣ ወደ ሥሩ ሲሄድ ደግሞ ደረጃ በደረጃ እየለሰለሰ ከሥጋው ጋር ይዋሃዳል። እንዲህ ባይሆን ኖሮ በነከሰ ቁጥር የራሱን ሥጋ በቆረጠ ነበር።

በመቶዎች ሆነው አብረው ሲያድኑ በጨለማ ውስጥ እንዴት አይጋጩም? ቆዳቸው ቀለም ባዘሉ ጥቃቅን ከረጢቶች የተሞላ ነው። ከረጢቶቹ ሲለጠጡና ሲኮማተሩ ገላቸው ከቀይ ወደ ነጭ በሰከንድ ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ይለዋወጣል። ጥልቁ ውስጥ ይህ ማን ዘንድ ይታያል? እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ የባሕር ወሽመጥ በተቀረጹ ምስሎች ላይ የተመሠረተ ጥናት አንድ አሳማኝ ሐሳብ አቀረበ። በጡንቻቸው ውስጥ የተበተኑ ብርሃን አመንጪ ነጥቦች ገላቸውን ከውስጥ ያበሩታል፤ የቆዳው ጥለትም በዚያ ብርሃን ላይ ጎልቶ ለባልንጀራው ይታያል። እርስ በርስ ሲሆኑ ሥርዓት ያላቸው አዳኞች ናቸው።

የሜክሲኮ ዓሣ አጥማጆች «ቀዩ ሰይጣን» ይሉታል። መንጠቆ የያዘውን ስኩዊድ ሌሎቹ ሲቦጫጭቁት ማየት የተለመደ ነው፤ የራሱን ዝርያ መብላቱም በሆዱ ውስጥ በተገኘው ምግብ ተረጋግጧል። ጠላቂዎችን የነካከሰበት ጊዜም አለ። ይሁን እንጂ አስፈሪዎቹ ምስሎች በአብዛኛው የሚቀረጹት መብራትና መንጠቆ በበዛበት፣ ደም በተቀላቀለበት ውኃ ነው። ሰው በላ ብሎ መፈረጅ ተገቢ አይመስለኝም።

ለሆዳምነቱም ምክንያት አለው፤ ጊዜ የለውም። 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ከእንቁላል ይወጣል፣ ዕድሜው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በዚህች አጭር ጊዜ ያን ሁሉ አካል መገንባት፣ ከዚያም መራባት አለበት። ሴቷ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ እንቁላሎችን ትጥላለች።

ወሎ ላይ ኤል ኒኞ ሲባል የሚታወሰን የዝናብ መጥፋት ነው። እዚያም ይኸው ክስተት የውኃውን ሙቀት ሲቀይር ምግቡ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2010 ከነበረው ኤል ኒኞ በኋላ በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ከነበሩት ስኩዊዶች አንዳንዶቹ ምግብ ፍለጋ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደው ትልቅ ሆነው አደጉ። የቀሩት ደግሞ በ6 ወር ገደማ ዕድሜያቸው፣ ገና ትንንሽ ሳሉ ለመራባት ደረሱ።